ማኦሪ ያልሆነ ሰው ሞኮ ቢነቀስ ምን ችግር አለው?

የጎንደር ልጅ፦ ወገኖች፣ አንድ ጥያቄ ላንሳ። የኒውዚላንድ ነባር ሕዝብ ማኦሪዎች «ሞኮ» የሚሉት ንቅሳት አላቸው። ወንዱ ፊቱን፣ ሴቷ ከንፈሯንና አገጯን ትነቀሳለች። የውጭ ሰው ይህን ከተነቀሰ ነውር ነው ይባላል። ለምን? የወደደው ቢነቀሰው ምን ይጎድላቸዋል? አድናቆት አይደለም እንዴ?

ታቱ ሠሪው፦ ወንድሜ፣ እንጀራዬ ይሄው ሥራ ነው፤ ግን አልስማማም። ሞኮ የማን ዘር እንደሆንክ፣ ከየትኛው ጎሳ እንደመጣህ ይናገራል። እ.ኤ.አ. በ1840 የማኦሪ አለቆች ከእንግሊዝ ጋር ያደረጉት የዋይታንጊ ስምምነት ሲፈረም አንዳንድ አለቆች በስማቸው ፋንታ ከሞኮአቸው ላይ የተወሰደ መስመር ነው ወረቀቱ ላይ የሳሉት። ፊርማቸው ነበር። የሌላ ሰው ፊርማ ስላማረህ ትፈርመዋለህ?

አሠራሩንም እየው። ድሮ መርፌ የለም። «ኡሂ» የምትባል ከአጥንት፣ ብዙ ጊዜ ከአልባትሮስ ወፍ አጥንት የተሠራች ትንሽ መሮ አለች። በላይዋ መታ መታ እየተደረገ ቆዳው ይቦረቦራል። ሲድን ፊቱ እንደተጠረበ እንጨት ቦይ ቦይ ይኖረዋል፤ በጣትህ ብትዳስሰው ታገኘዋለህ። ፊት ስለሚያብጥ ምግቡ በተቀረጸ የእንጨት ዕቃ አፉ ውስጥ ይንቆረቆርለት ነበር።

የጎንደር ልጅ፦ ሥቃዩን መች ካድኩ? ግን የተቆለፈበት ጥበብ ይሞታል። የአያቴን የአንገት ንቅሳት ፈረንጅ ቢነቀሰው እኔ ደስ ነው የሚለኝ።

ኦክላንዷ፦ እኔ የምኖረው እዚሁ ኒውዚላንድ ነው። የአያትህን አንገት ግን ቆርጦ የሸጠ የለም። የማኦሪዎቹ ራስ ተሽጧል። የሞተ ዘመዳቸውን የተነቀሰ ራስ አድርቀው በክብር ያኖሩ ነበር። አውሮፓውያን መጡና በጠብመንጃ ይለውጡት ጀመር። ጎሳዎቹ እርስ በርስ ይዋጉ ስለነበር ጠብመንጃ የሌለው ያልቃል፤ ገበያው ጦፈ። በአውስትራሊያ የነበረችው የእንግሊዝ ቅኝ ግዛት የኒው ሳውዝ ዌልስ ገዥ ዳርሊንግ ንግዱን የከለከለው በ1831 ነው። የፈረንሳዩ የሩዋን ሙዚየም የያዘውን አንድ ራስ የመለሰው ግን በ2011 ነው! ለማኦሪ ደግሞ ከሰውነት ሁሉ ራስ የተቀደሰ ነው።

ከዚያ በኋላ ሞኮው ሊጠፋ ደርሶ ነው የተመለሰው። ማኦሪዋ ፖለቲከኛ ናናያ ማሁታ በ2016 አገጫቸውን ተነቀሱ፤ በ2020 የኒውዚላንድ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆኑ። ጎረቤቴ ስትነቀስ እኔም ተጠርቼ ነበር። ዘመድ አዝማድ ዙሪያዋን ከቦ ይዘምራል። እናቷ እጇን ይዛ አንዴም አልለቀቀቻትም። ብድግ ስትል ቤቱ በሙሉ አለቀሰ። ያንን ቀን ያየ ሰው «ዲዛይኑን ወደድኩት» ብሎ አይነቀሰውም።

ታቱ ሠሪው፦ በሩም ጨርሶ አልተዘጋም እኮ። «ኪሪቱሂ» የሚባል አለ፤ የቆዳ ጽሑፍ እንደማለት። ያንኑ ስልት ይዞ ለማንም ይሠራል፤ የማንንም ዘር ግን አይጠራም። እኔ ጋ ደንበኛ ከኢንተርኔት ያወረደውን የሰው ሞኮ ይዞ ሲመጣ አልሠራም እለዋለሁ።

የጎንደር ልጅ፦ የራሶቹን ነገር አላውቅም ነበር፣ እህቴ። አሳዘነኝ። ግን ማኦሪ አግብታ ልጆቿ ማኦሪ የሆኑላት ሴትስ?

ኦክላንዷ፦ እዚያ ላይ እነሱም አይስማሙም። ቤተሰቡ ከፈቀደ ይበቃል የሚል አለ፤ ዘሩ ከሌላት አገጯ አይነካ የሚልም አለ። እኔ ባትነቀስ ይሻላል ባይ ነኝ። ልጆቿ ሲያድጉ ይነቀሱት፤ የእነሱ ነው።