«ዳርሻን»ን በአማርኛ ምን እንበለው?

ተጓዡ፦ ሰላም ቤተሰብ። አንድ ቃል አላስተኛ ብሎኛል። ሕንድ ስማር ማዱራይ ከተማ ወዳለው፣ የሂንዱዎቹ ሴት አምላክ የሚናክሺ ቤተ መቅደስ ሄጄ ነበር። ጫማ አውልቀን፣ ስልክ አስረክበን፣ ከ50 ሜትር በላይ የሚሆነውን የደቡቡን በር ግንብ አንጋጠን አይተን፣ የወርቅ ሎተስ የሚሉት ኩሬ ደረጃ ላይ ተቀምጠን ዋልን። ወደ ውስጠኛው ክፍል ግን ሂንዱ ያልሆነ አያልፍም ተባልን። ማታ ለአከራዬ ሳወራላቸው «ታዲያ ዳርሻን ካላገኘህ ምኑን አየኸው?» አሉኝ። መዝገበ ቃላቱ «ማየት» ይላል። እኔ እኮ ሳይ ነው የዋልኩት!

ሆሄ፦ «መሳለም» በለው። የእኛ ሰው ገብርኤል ሄዶ ሲመለስ «ቤተ ክርስቲያን አየሁ» አይልም፣ «ተሳልሜ መጣሁ» ነው የሚለው። በር ላይ መቅረትህም አይክፋህ። እዚያ «የማሕፀን ቤት» የሚሉት ጠባብና ጨለም ያለ ክፍል አለ፣ ምእመኑም ከደጁ ቆሞ ነው የሚያየው፣ የሚገባው ካህኑ ብቻ ነው። የእኛስ መቅደስ መች ለሁሉ ክፍት ሆነና?

ቅኔ ወዳድ፦ ሆሄ፣ መሳለም እኮ ከአጥር ውጭም ይሆናል፣ ታክሲ ውስጥ ሆነህም ታማትባለህ። ዳርሻን ላይ ዓይን የግድ ነው። አማኙ ያያል፣ ሴቷ አምላክም ታየዋለች። ስሟ ራሱ ሚና ዓሣ፣ አክሺ ዓይን ነው። ዓሣ ዓይኑን አይከድንም፣ እሷም ሳታንቀላፋ ትጠብቃለች ይላሉ። ስለዚህ «መተያየት» ነው። አየ፣ ታየ፣ ተያየ። አማርኛ ቃሉን አዘጋጅቶ ጠብቆናል።

ተጓዡ፦ «ከሚናክሺ ጋር ተያየሁ» ብል ግን እኅቶቼ ሽማግሌ ይልካል ብለው ይጠብቃሉ 😂 ደግሞ ባለ ትዳር ናት። ባሏን ሱንደሬሽዋራን በየማታው በቃሬዛ ተሸክመው ወደ እልፍኟ ያስገቡታል።

ሆሄ፦ ቃሬዛ አትበል እባክህ፣ ሬሳ አደረግኸው! ለመተያየቱም፣ ግእዙ «ተሳለመ» እርስ በርስ ሰላም መባባል ነው። ሁለት ወገን አለበት። እኔ ከመሳለም ንቅንቅ አልልም።

ተጓዡ፦ እሺ፣ ከቤተ መቅደሱ ለምእመኑ የሚሰጠው ፕራሳድስ? ጸበል ጸዲቅ ልበለው?

ቅኔ ወዳድ፦ ምግቡን አዎ፣ ቀርቦ ተባርኮ ለሕዝቡ የሚታደል ነውና። ግንባር ላይ የሚቀቡትን ቀይ ዱቄት ግን ጸበል ጸዲቅ አትለውም። እሱ «እምነት» ነው፣ እማማ ከገዳም በወረቀት ጠቅልለው የሚያመጡት ዓይነት።

ተጓዡ፦ ኧረ እውነትህን ነው! አከራዬ በነጋታው ራሳቸው ሄደው ያመጡልኝ በወረቀት ጠቅልለው ነበር።