«ዳይ ታው ሃ» ስድብ ነው ወይስ ጨዋታ?

ጥያቄ፦ ለንግድ ደቡብ ቻይና፣ ጓንጁ ከተማ እመላለሳለሁ። ከአንድ ሱቅ ደረሰኜን ረስቼ ስወጣ ባለሱቋ ጠራችኝና እየሳቀች «ዳይ ታው ሃ!» አለችኝ። የአካባቢው ቋንቋ ካንቶንኛ መሆኑን ነገሩኝ። ተሰድቤ ይሆን?

መልስ፦ አይዞህ ወንድሜ፣ ጨዋታ ነው። ቃል በቃል «ጭንቅላተ ትልቅ ሽሪምፕ» ማለት ነው። ጃንጥላውን ታክሲ ውስጥ፣ ቁልፉን በር ላይ ትቶ የሚሄድ ሰው እንዲህ ይባላል። ቀልበ ቢስ እንደምንለው ነው። እናት ልጇን ብትለው ማንም አይቀየምም።

አነጋገሩ የቆየ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1428 እስከ 1500 የኖረው የጓንግዶንግ (ጓንጁ ያለችበት ክፍለ ሀገር) ሊቅ ቼን ሺየንጃንግ ስለዚሁ ሽሪምፕ ጽፏል። ያኔ ግን የተነካው ዝንጉ ሰው አልነበረም፤ ላዩን አሳምሮ ውስጡ ባዶ የሆነው ነበር። ያን የሚያህል ጭንቅላት ይዞ ሥጋ የለውማ!

«ሳት ዋን ዩ» የሚባልም አለ፤ ነፍሱ የጠፋችበት ዓሣ። ይሄኛው መርሳት ብቻ ሳይሆን መደናበርም አለበት። አፍ ከፍቶ ፈዞ መቅረት ደግሞ «ፋት ንጋው ዳው» ይባላል። ስብሰባ የበዛበት መሥሪያ ቤት ያለ ሰው ድርጊቱን ያውቀዋል።

«ሶ» ሞኝ ነው። ወንዱን «ሶ ጃይ»፣ ሴቷን «ሶ ኖይ» ይሏቸዋል። በፍቅረኞች መካከል ቁልምጫ ነው፤ ለማታውቀው ሰው ግን ያው ስድብ ነው።

መጠንቀቅ ያለብህ ከ«ንጎንግ ጉይ» ነው። ደደብ ማለት ነው፤ ያውም የተለዘበው አባባል። ያልተለዘበው «ንጎንግ ጋው» ሲሆን ሁለተኛው ቃል የወንድ ብልት የብልግና ስም ነው። እኔን ከጠየቅከኝ ሁለቱንም ተዋቸው። ምላስህ ትንሽ ከሳተ ነገር ይመጣል።

ሌላ አባል፦ የወላጆቹን ረሳኸው እንዴ? «አንተን ከምወልድ ቁራጭ ቻ ሲዩ ብወልድ ይሻለኝ ነበር!»

መልስ፦ እሱማ የንግግሮቹ ንጉሥ ነው! ለማያውቁት፣ ቻ ሲዩ ጣፋጭ ማባያ ተቀብቶ የተጠበሰ የአሳማ ሥጋ ነው። ግን ለዝንጉ ብቻ አይደለም፤ ወላጁን ላስመረረ ልጅ ሁሉ ይሆናል። ቢያንስ ሥጋው ይበላል ነው ነገሩ።

ጠያቂው፦ እሺ፣ ኳስ ላይ ሲሳሳቱስ ምን ይላሉ?

መልስ፦ «ዉ ሎንግ»። ቃል በቃል ጥቁር ዘንዶ ነው፤ ትርጉሙ ግን ዝርክርክ ስህተት። ተጫዋች በራሱ መረብ ላይ ሲያስቆጥር ጎሉን በዚሁ ስም ይጠሩታል። በማንዳሪንም፣ በቻይና ብሔራዊ ቋንቋ፣ ገብቷል፤ ቤጂንግ ብትለውም ይገባቸዋል።