ኦርቢታሎች መድረክ ላይ እውነት ይጫወታሉ ወይስ ፕሌይ ተጭነው ነው?

የሌሊት_አድማጭ፦
ሰላም ለሁላችሁ፣ ሰሞኑን የ90ዎቹ የሬቭ (ሌሊቱን የሚጨፈርበት የኤሌክትሮኒክ) ሙዚቃ ውስጥ ገብቼ መውጣት አቃተኝ፣ ከሁሉም ግን ኦርቢታል የሚባሉት ሁለቱ የእንግሊዝ ወንድማማቾች ጠለፉኝ በቃ። "ሃልሲየን"ን ደጋግሜ ነው የምሰማው፣ ልጅቷ የምትለው አይገባኝም ግን ድምፅዋ ሆዴን ያባባዋል። እና የ1994ቱን የግላስተንበሪ ፌስቲቫል ኮንሰርታቸውን ለጓደኛዬ ባሳየው "ፕሌይ ተጭነው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ እንጂ ምን ሰሩ" አለኝ፣ በጣም ከፋኝ ግን የምመልስለት አጣሁ። ጨለማ ውስጥ መብራት ያለው መነፅር አድርገው ማሽን ላይ ጎንበስ ብለው የሚሰሩት ምንድነው? ደግሞ ከየትኛው አልበም ልጀምር? ተለያዩ ሲባልም ሰምቻለሁ፣ አሁን አሉ?

ቤዝና_ከበሮ፦
ይጫወታሉ እንጂ! መነፅሩ ራሱ ምስክር ነው፣ መድረኩ ስለሚጨልም ቁልፎቹን ለማየት ነው ያደረጉት፣ መለያቸው የሆነው በኋላ ነው። ሲኩዌንሰሩ (ድምፆቹን በተራ የሚያጫውተው ማሽን) ውስጥ ያለው ያለቀ ዘፈን አይደለም፣ ቁርጥራጭ ነው፣ ከበሮው ለብቻ ቤዙ ለብቻ ዜማው ለብቻ፣ ወንድማማቾቹ ፊልና ፖል እዛው ቆመው አንዱን ያስገባሉ ሌላውን ያወጣሉ፣ ሕዝቡ ከሞቀ ያንኑ ዙር ያስረዝሙታል፣ ከቀዘቀዘ ቶሎ ይቀይራሉ፣ ስለዚህ አንድ ዘፈን ሁለት ቀን አንድ ዓይነት አይመጣም። "ሃልሲየን"ን ላይቭ ፈልገህ ስማው፣ መሃል ላይ ከሌሎች ዘፋኞች ሥራ የተወሰደ የቦን ጆቪና የቤሊንዳ ካርላይል ድምፅ ዘው ብሎ ይገባል፣ ሕዝቡ ያብዳል። በ1990 ደግሞ ቶፕ ኦፍ ዘ ፖፕስ በሚባለው የእንግሊዝ የቲቪ ፕሮግራም ላይ አስመስላችሁ ተጫወቱ ሲባሉ ማሽኖቹን ከሶኬት ነቅለው ነው የቆሙት፣ ያውም ያኔ "ፖል ታክስ" የሚባለውን የነፍስ ወከፍ ግብር የሚቃወም ቲሸርት ለብሰው። እነዚህን ሰዎች ነው እንግዲህ አስመሳይ የሚላቸው ጓደኛህ።

አሮጌ_ካሴት፦
ከላይ የተባለው ልክ ነው፣ እኔ ስለ አልበሙ ልንገርህ። ልጆቹ ኬንት ውስጥ ሰቨንኦክስ የምትባል ከተማ ልጆች ናቸው፣ ስማቸውን የወሰዱት ለንደንን ከሚዞረውና ኦርቢታል (ዙሪያ) ከሚባለው ኤም 25 መንገድ ነው፣ ያኔ የሬቭ ሰው ሌሊቱን በዛ መንገድ እየነዳ ነበር ጭፈራው የት እንደሆነ የሚፈልገው። የመጀመሪያ ሥራቸውን "ቻይም"ን በ1989 ወላጆቻቸው ቤት ነው በካሴት የቀዱት፣ እሱ ነው በ1990 የእንግሊዝ ቻርት ላይ 17ኛ የወጣው። በካሴት!

መጀመሪያ የ1993ቱን ስማ፣ ርዕስ ስለሌለው በሽፋኑ ቀለም ብራውን ይሉታል። የ1991ዱም እንዲሁ ግሪን ነው የሚባለው። ብራውኑ ሲጀምር ግሪኑ የጀመረበትን ያንኑ ንግግር ነው የሚያሰማህ፣ የገዛው ሰው የተሳሳተ ዲስክ የደረሰው እንዲመስለው ሆን ብለው የሰሩት ነው፣ ከዛ ንግግሩ በራሱ ላይ እየተደረበ ትንሽ ትንሽ እየተንሸራተተ ሌላ ነገር ይሆናል፣ በጆሮ ማዳመጫ ስማው በናትህ። ቀጥሎ የ1996ቱ "ኢን ሳይድስ"፣ ለኔ ከዛ የሚበልጥ የላቸውም፣ የመክፈቻውን ዘፈን ግሪንፒስ በሚባለው የአካባቢ ጥበቃ ድርጅት የፀሐይ ጄኔሬተር ኃይል ነው የቀዱት። በ1994 "ተደጋጋሚ ምት" ያለበትን የሜዳ ጭፈራ ፖሊስ እንዲበትን የሚፈቅደው ሕግ ሲመጣ ደግሞ በሕጉ ስም የሰየሙት አንድ ሪሚክስ አወጡ፣ አራት ደቂቃ ገደማ ፀጥታ ብቻ።

በ2004 ተለያዩ፣ በ2009 ተመለሱ፣ በ2014 ደግመው ተለያዩ፣ በ2017 ደግሞ ተመለሱ። የ2023ቱን "ኦፕቲካል ዴሉዥን" ከሰማህ እንዳልደከሙ ይገባሃል።

ማሂ_ድምፅ፦
ድምፁ ሆዴን ያባባዋል ላልከው፣ ምክንያት አለው። ሃልሲዮን የእንቅልፍ ኪኒን ስም ነው፣ እናታቸው ለዓመታት ሱስ ሆኖባት ነበር፣ ዘፈኑ ለሷ ነው። የምትሰማት ክርስቲ ሆክሾው ናት፣ ኦፐስ 3 ከሚባለው ባንድ፣ ድምፅዋን ሳምፕል አድርገው (ከዘፈን ቆርጠው ወስደው) ወደ ኋላ ገልብጠውታል፣ ለዛ ነው ቃሉ የማይያዘው። ቪዲዮው ላይም የቤት ሥራ እየሰራች እንደ መደንዘዝ የምትለውን እናት ሆና የምትታየው ራሷ ክርስቲ ናት። እኔ ይሄን ካወቅኩ በኋላ ዘፈኑን እንደ በፊቱ መደነስ አልቻልኩም፣ ቁጭ ብዬ ነው የምሰማው።

የሌሊት_አድማጭ፦
ማሂ እግዜር ይስጥልኝ፣ የእናታቸውን ነገር ሳነብ አልቻልኩም። ብራውኑን አሁን ከፈትኩት፣ ንግግሩ መደራረብ ጀምሯል። ለጓደኛዬም ኮንሰርቱን መልሼ ላክሁለት፣ እጃቸውን ብቻ እይ ብዬ።