በኤስፔራንቶ «ላ» እና የተሳቢው «ን» የግድ አብረው ይሄዳሉ?

ጥያቄ፦
ኤስፔራንቶ የተባለውን ሰው ሠራሽ ቋንቋ እየተማርኩ እንደ «ላ» (የእንግሊዝኛው «the» ዓይነት) ያሉ ስምን የሚወስኑ ቃላት ላይ ደርሻለሁ። በአማርኛ «መጽሐፍ ገዛሁ» ስንል ተሳቢው ምልክት የለውም፤ «መጽሐፉን ገዛሁ» ስንል ግን ስሙ መታወቁን የሚያሳየው ምዕላድና የተሳቢው «ን» ተከታትለው ይመጣሉ። በኤስፔራንቶስ «ላ» የሌለው ስም ተሳቢ ሲሆን «ን» ይጨመርበታል? እንደ «ያ» እና «የእኔ» ያሉት ቃላትስ ከ«ላ» ጋር ይገባሉ?

መልስ 1፦
በኤስፔራንቶ ሁለቱ ምልክቶች አንዱ በሌላው ላይ አይመሠረቱም። ተሳቢ የሆነ ስም ቢታወቅም ባይታወቅም «ን» ይወስዳል፤ ስለዚህ «ሚ አቼቲስ ሊብሮን» ማለት «መጽሐፍ ገዛሁ»፣ «ሚ አቼቲስ ላ ሊብሮን» ደግሞ «መጽሐፉን ገዛሁ» ማለት ነው። «ላ» እንደ እኛ «ውሻው» እና «ውሻዋ» በጾታ አይለያይም፣ በቁጥርም አይለወጥም። ቅጽል ሲኖርም እኛ «ትልቁ ቤት» ብለን ምልክቱን ቅጽሉ ላይ ስንለጥፍ፣ እዚያ «ላ ግራንዳ ዶሞ» ተብሎ ከሁሉም ይቀድማል።

የአማርኛ ተናጋሪን ይበልጥ የሚያስቸግሩት ግን እንደ «ያ» ያሉት ጠቋሚዎች ይመስሉኛል። እኛ «ያንን መጽሐፍ አነበብኩ» ስንል «ን»ን ጠቋሚው ላይ አድርገን ስሙን እንተወዋለን፤ በኤስፔራንቶ ግን ሁለቱም ሊይዙት ስለሚገባ «ቲኡን ሊብሮን» ይባላል፣ ሲበዛም «ቲኡይን ሊብሮይን» ይሆናል። «ቲኡ» (ያ) ራሱ ስሙን ስለሚወስን «ላ» አይጨመርበትም፤ «ሚያ ሊብሮ» (መጽሐፌ) ላይም እንዲሁ። አገናዛቢው («ሚያ»፣ የእኔ) ያለ ስም ብቻውን ሲቆም ግን «ላ ሚያ» ማለት ይቻላል።

መልስ 2፦
«ላ» ብዙ ሊያስጨንቅህ አይገባም። የቋንቋው ፈጣሪ ዛሜንሆፍ ራሱ፣ አጠቃቀሙ የሚከብዳቸው ሰዎች ጨርሰው ሊተዉት እንደሚችሉ በግልጽ ጽፏል።

መልስ 3፦
ፈቃዱ መኖሩ እውነት ነው፤ ነገር ግን የሚመለከተው «ላ»ን ብቻ ስለሆነ ወደ «ን» እንዳይሻገር መጠንቀቅ ያስፈልጋል። «ላ ሁንዶ ሞርዲስ ላ ካቶን» (ውሻው ድመቷን ነከሳት) የሚለውን «ላ ካቶን ሞርዲስ ላ ሁንዶ» ብለን ብንገለብጠው እንኳ የተነከሰችው ድመቷ መሆኗ የሚታወቀው በ«ን» ነው። ሁለቱንም «ላ» ብናወጣ የሚጠፋው የትኛው ውሻና የትኛዋ ድመት የሚለው ብቻ ሲሆን፣ «ን» ከወጣ ግን ነካሹና ተነካሹ የሚለዩት በቃላቱ ቅደም ተከተል ብቻ ይሆናል። በተጨማሪ «ላ ሁንዶ» አንዳንዴ ጠቅላላ የውሻን ዘር ያመለክታል፤ እኛ ግን ይህን ያለ ምልክት «ውሻ ታማኝ ነው» ስለምንል፣ ስታነብ እያንዳንዱን «ላ» «ው» ብለህ አትፍታው።