ያገለገለ ፕሌይስቴሽን 4 ልግዛ ወይስ ለኮምፒውተር ላጠራቅም?

የተከበራችሁ ወገኖች፣ ነዋሪነቴ ጎንደር ሲሆን፣ ቪዲዮ ጌም የመጫወት ልምድ ለመጀመር ከልቤ ብፈልግም ከየት እንደምነሳ ግራ ገብቶኛል። ፒያሳ አካባቢ በጌም ቤት እየከፈልኩ ኳስ መጫወት ቢያስደስተኝም፣ የሚስቡኝ ታሪክ ያላቸው ረጃጅም ጨዋታዎች ናቸው፤ እነርሱ ደግሞ በየዕለቱ ካቆሙበት ለመቀጠል የራስ መሣሪያ ይጠይቃሉ። በ2013 እ.ኤ.አ. ለገበያ የቀረበው ፕሌይስቴሽን 4 ብዙዎቹን ጨዋታዎች ከዲስክ፣ ያለ ኢንተርኔት ስለሚያጫውት፣ ከኮምፒውተር ይልቅ ለእኔ የሚሻል ይመስለኛል። ሆኖም የቀረበልኝን ያገለገለ ዕቃ ስሞክረው፣ የመቆጣጠሪያውን ስቲክ ሳልነካው ተጫዋቹ ወደ ግራ ይራመዳል፤ ይህ በቀላሉ የሚጠገን ነው ወይስ ሌላ ልፈልግ? ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ግን ጨዋታው ሴቭ ሲደረግ መብራት ቢጠፋ ፋይሉ ሊበላሽ መቻሉ ነው። ስታቢላይዘር መዋዠቅን እንጂ መቋረጥን ስለማይከላከል፣ መሣሪያውንና ቴሌቪዥኑን በሥርዓት እስካጠፋ የሚያቆይልኝ ስንት ዋት የሚችል ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ በባትሪው ለጥቂት ጊዜ ኃይል የሚሰጥ መሣሪያ) እንደሆነ ብትነግሩኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው።