ላፕቶፔ በቤቱ ዋይፋይ ብቻ ኢንተርኔት አልሠራ አለኝ

ሰላም ለሁላችሁ። ላፕቶፔ ዊንዶውስ 10 ነው። ከቤቱ ዋይፋይ ጋር ይገናኛል፣ ሲግናሉም ሙሉ ነው፤ ግን «ኢንተርኔት የለም» ይላል። የቤተሰቡ ስልኮች በዚያው ዋይፋይ ዩቲዩብ ያያሉ።

የጀመረው መብራት ሄዶ ከመጣ በኋላ ነው። ራውተሩን አጥፍቼ አበራሁ። ላፕቶፑ ላይ ዋይፋዩን ሰርዤ ፓስወርዱን እንደገና አስገባሁ፣ ኔትወርክ ሪሴትም አደረግኩ። ወይ ፍንክች!

የላፕቶፑን አይፒ አድራሻ (በኔትወርኩ ላይ የሚለይበትን ቁጥር) ሳየው በ169.254 ይጀምራል። ከራውተሩ አድራሻ ስላላገኘ ዊንዶውስ ለራሱ የሰጠው ነው ማለት ነው። ስልኮቹ ግን በ192.168.1 የሚጀምር አድራሻ ያገኛሉ። እኔም 192.168.1.50ን በእጄ ሳስገባ ኢንተርኔቱ ወዲያው ይመጣል። ችግሩ ላፕቶፑን ሥራ ቦታም እጠቀምበታለሁ፤ ጠዋት ማታ አድራሻውን መቀያየሩ ያሰለቻል። በስልኬ ሆትስፖት ደግሞ ምንም ሳልነካ ይሠራል። ስለዚህ የዋይፋይ ካርዱ የተበላሸ አይመስለኝም።

የራውተሩን ሴቲንግ በ192.168.1.1 ገብቼ መቀየር እችላለሁ፣ ግን የማላውቀውን ነክቼ የቤቱን ሁሉ ኢንተርኔት እንዳላጠፋ ፈራሁ። ራውተሩ ለስልኮቹ አድራሻ እየሰጠ ላፕቶፔን ብቻ የሚዘልለው የቱ ሴቲንግ ተበላሽቶ ሊሆን ይችላል?