ውቅሮ ጨርቆስን የምታውቁ፣ እስኪ ንገሩኝ

ሰላም ናችሁ! ከመቀሌ ወደ አዲግራት ስንሄድ ውቅሮ ምሳ በልተን የጨርቆስን ቤተ ክርስቲያን አየነው። ከተማው ጠርዝ ላይ ነው፤ ከዋናው መንገድ ብዙም አይርቅም። ከውጭ ተራ መስሎኝ ነበር፣ ውስጥ ስገባ ግን አፌን ይዤ ቀረሁ። ጣሪያው ለምን ጠቆረ? በእውነትስ የነገሥታቱ የአብርሃና አጽብሃ ዘመን ሥራ ነው?

መልስ 1፦
ጥቁረቱ የእሳት ነው። የአገሬው ሰው ዮዲት ጉዲት አቃጥላው ነው ይላል። ዘመኑን ትውፊቱ ወደ 4ኛው ክፍለ ዘመን ይወስደዋል፤ አጥኚዎች ግን ብዙ መቶ ዓመታት ወደኛ ያቀርቡታል። እኔን የሚያሳምነኝ የአጥኚዎቹ ነው፣ ይሄ ደግሞ ክብሩን አይቀንስበትም።

መልስ 2፦
ወንድሜ፣ ዋናው ነገር እኮ አልተገነባም፣ ተፈለፈለ እንጂ! ዓምዱም፣ ቅስቱም፣ ያ በሐረግ የተጌጠው ጣሪያም ያው አንድ ዓለት ነው፤ ጠራቢው አንዴ መዶሻውን ቢያስት መልሶ የሚለጥፈው ነገር የለም። ከኋላ ከዓለቱ ስላልተላቀቀ ከፊል ውቅር ይሉታል። የከተማዋም ስም ከዚሁ «መወቀር» የመጣ ነው። ቀና ብለህ ካየኸው መሃል ጣሪያው የመስቀል ቅርጽ ይሠራል። አብርሃ ወአጽብሃና ሚካኤል አምባ የሚባሉት አብያተ ክርስቲያናትም በዚሁ ዓይነት ፕላን ነው የተፈለፈሉት።

ጠያቂው፦
እግዜር ይስጥልኝ! መስቀሉን ሳላስተውል ወጣሁ፣ በጣም ቆጨኝ። አብርሃ ወአጽብሃ ሩቅ ነው?

መልስ 2፦
ከውቅሮ ወደ ምዕራብ 15 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ነጠላ ይዘህ፣ ጠዋት ሂድ።